የድንቅነሽ ልጅ ቂም

ባለቤቴ ፊሊጶስ እናቱን አንቱ ነበር የሚላት። በእኛ ዘንድ እናት አንቺ ትባላለች፤ አንቱ ለአማት፣ ለዳኛና ለማያውቁት ሰው ነው። እኔ ምራቷ እንኳ እማማ እያልኩ አንቺ እላታለሁ። ጆሃንስበርግ ኤርፖርት ልንቀበላት የሄድን ቀን፣ ድንቅነሽ ሀቢሶ በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፋች ስትወጣ ሮጦ አላቀፋትም። ጎንበስ ብሎ፣ "እንደምን ገቡ?" አላትና ሻንጣዋን ይዞ ወደ መኪናው ቀደመን። እሷ ከኋላው ስታየው ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "አካሄዱ ቁርጥ የአባቱ ነው" አለች። "ኩርፊያው ግን የእኔ ነው።"

ያመጣት ናፍቃው አይደለም። አዲስ አበባ ብቻዋን በምትኖርበት የኪራይ ክፍል ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ ነበር። ዘመድ እየደወለ፣ "ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ያለው ሰው እናት እንዲህ ትሁን?" ሲለው አፈረ። በዚያ ላይ የቸርቻችን ሽማግሌ ነው፤ እናቱን የጣለ ሽማግሌ ቆሞ ማስተማር አይችልም። ትኬቱን የቆረጠ ዕለት፣ "እሷ ጥላኝ ሄዳለች፤ እኔ ግን እንደ እሷ አይደለሁም" አለኝ። ክስ የረታ ሰው ይመስል ነበር።

ድንቅነሽ ማን እንደነበረች የዛሬ ልጆች ስለማያውቁ ልንገር። ሆሳዕና በሚሲዮን ቸርች ኳየር ውስጥ ነው ያደገችው። ድምጿ ከልጅነቷ ጀምሮ ሰው ያስደነግጥ ነበር ይላሉ። ገና በሃያ ዓመቷ የጭነት መኪና ተገልብጦ ባሏ ሞተባት፤ ፊሊጶስ ያኔ ዳዴ የሚል ሕፃን ነበር። አራት ዓመት ሲሞላው ለእናቷ ሰጠችውና፣ "ሥራ ይዤ መጥቼ እወስደዋለሁ" ብላ አዲስ አበባ ሄደች። ያገኘችው ሥራ በአንድ ሆቴል የምሽት ክበብ ውስጥ መዝፈን ነበር።

በዚያ ዘመን ሴት ዘፋኝ እንድትሽኮረመም፣ እንድትስቅ፣ ድምጿን እንድታቀጥን ነበር የሚፈለገው። ድንቅነሽ ግን እናቶች በጸሎት ጉባኤ መንፈስ ሲይዛቸው የሚያወጡትን ድምፅ ይዛ መጣች፤ እየለመነ የሚጣራውን፣ መሃል ላይ ተሰብሮ እንደገና የሚነሣውን። ትራምፔትና ኦርጋን ከኋላዋ አቁማ በዚያ ድምፅ ስለ ወንድ፣ ስለ ረሃብ፣ ስለ ባዶ አልጋ ዘፈነች። ፈረንጆች ሶል የሚሉት ነገር ነው። ወንዶቹ ከአሜሪካ ሸክላ ሰምተው ይሞክሩት ነበር፤ ከሴት የጀመረችው እሷ ናት። ሙዚቀኞቹ፣ "ሴት ልጅ እንዲህ አትጮህም፤ ታስጠያለሽ" ሲሏት፣ "እናንተ ምቱ፤ መጥላቱን ለሰሚው ተዉለት" አለቻቸው። አንድ ሸክላ አስቀረጸች። ብዙም ሳይቆይ ደርግ መጣ፤ የሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ክበቡ ተዘጋ፤ ሙዚቀኞቹ ተበተኑ። ከዓመታት በኋላ ሌሎች ዘፋኞች ዘፈኖቿን እያለሳለሱ በካሴት ሲያወጧቸው፣ እሷ እዚያው ሆቴል አንሶላ ታጥብ ነበር። ልጇን ልትወስድ ግን አልተመለሰችም።

ፊሊጶስ ያየው የነገሩን ሌላውን ወገን ነው። ቸርቹ ድንቅነሽን በጉባኤ ፊት ስሟን ጠርቶ አወገዛት፤ አያቱም ልጇን ስላላረመች ከጌታ እራት ታገደች። ትምህርት ቤት ልጆች የእናቱን ዘፈን እየጮኹ ይከተሉት ነበር። ኩፍኝ ይዞት ሊሞት ሲል መልእክት ተላከላት፤ አልመጣችም። ካደገ በኋላ በኬንያና በማላዊ በኩል፣ አንዳንዴ በእግሩ አንዳንዴ በጭነት መኪና ተደብቆ ደቡብ አፍሪካ ሲገባ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ለማንም አልተናገረም። ለእኔም የነገረኝ ከተጋባን በኋላ ነው።

እሷ ከገባች ወዲህ ሜይፌር በሚባለው ሰፈር ያለው ቤታችን ሰላም አጣ። አንድ ቀን ወጥ ቤት ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች የድሮ መዝሙር ታንጎራጉራለች። ፊሊጶስ ዳቬይተን ከሚባለው ሰፈር፣ ስፓዛ ከሚሉት ትንሽ ሱቁ ደክሞት መጣና በሩ ላይ ቆመ።

"እዚህ ቤት ዘፈን አይዘፈንም።"

"መዝሙር ነው" አለች ሳትዞር።

"እርስዎ አፍ ውስጥ ሲገባ ዘፈን ይሆናል።"

"እውነትህን ነው። የሆሳዕና ሽማግሌዎችም እንዲሁ ይሉኝ ነበር። እነሱ ግን ቢያንስ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ነበር።"

ፊሊጶስ ሳህኑን ከፊቷ አንሥቶ ነጭ ሽንኩርቱን ከነልጣጩ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ደፋው። ወጡን ያለ ነጭ ሽንኩርት ሠራሁ። ማታ ቀምሳው፣ "ይህን የሠራሽው ለሕመምተኛ ነው?" አለችኝ።

እኔም አልወደድኳትም ነበር፤ ደግ ሆኜ ነበር ብል ውሸት ነው። ኳየር ውስጥ እዘምራለሁ። አንድ እሁድ ከቸርች ስንወጣ በጓደኞቼ ፊት፣ "ፍሬገነት፣ ድምፅሽን ለምን ትፈሪዋለሽ? ከፍ ሊል ሲል ታንቂዋለሽ" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን ሻይዋን ክፍሏ አስቀምጬ ሳልናገር እወጣ ነበር።

ነገሩን ያባባሰው የዶክተር ዮአዳን መምጣት ነው። ዮአዳን እዚህ ከተማ የምትሠራ ኢትዮጵያዊት ሐኪም ናት፤ አንድ ወዳጃችን የድንቅነሽን ዳሌ እንድታይልን ለምኗት ቅዳሜ ከሰዓት ቤታችን መጣች። ስሟን ስትሰማ ዳሌውን የምትዳስስበት እጇ ቆመ።

"ድንቅነሽ ሀቢሶ? ዘፋኟ?"

"ነበሩ" አለ ፊሊጶስ።

"ነኝ" አለች ድንቅነሽ።

ዮአዳን መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። አባቷ ሸክላውን እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቀው እንደነበር ነገረችን። ስልኳን አውጥታም ቪዲዮ አሳየችን፤ እዚሁ ከተማ መሃል አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ፣ አማርኛ የማታውቅ የአገሬው ልጅ ከጓደኞቿ ባንድ ጋር የድንቅነሽን ዘፈን ትዘፍናለች። ዘፈኑን ከኢንተርኔት ነው ያገኙት። ድንቅነሽ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ሰማች።

"ቃሉን በልታዋለች" አለች። "ግን ሳትፈራ ትጮሃለች።"

"ልጆቹ በሕይወት መኖርዎን አያውቁም" አለች ዮአዳን። "አንድ እሁድ ትንሽ አዳራሽ ተከራይተን..."

"ዶክተር፣ የመጡት ለዳሌ ነው" አለ ፊሊጶስ።

"ይቅርታ፣ አቶ ፊሊጶስ፣ እኔ የማነጋግረው እሳቸውን ነው።"

"እኔ ቤት ተቀምጠሽ? ውጪልኝ!"

ዮአዳን ቦርሳዋን አነሣች። የተሟገተችላት ድንቅነሽ ግን እሷንም አልማረቻትም። "አንቺም ዕንባሽን ጥረጊ" አለቻት። "እኔ አንሶላ ሳጥብ አባትሽ ሸክላዬን ያዳምጥ ነበር። አንድ ቀን፣ ይህች ሴትዮ የት ወደቀች ብሎ ጠይቋል?"

"አልጠየቀም" አለች ዮአዳን።

"እንግዲያው አሁን ሂጂ። ስልክ ቁጥርሽን ለፍሬገነት ስጪያት።"

ፊሊጶስ በዚያው ሳምንት ፓስተር እንድርያስን ይዞ መጣ። ፓስተሩ በለሰለሰ አንደበት፣ እሁድ በጉባኤ ፊት ቆማ ምስክርነት እንድትሰጥ፣ ዓለማዊ ዘፈኗን እንድትክድ፣ ከዚያ በኋላ ማንም ስለ ድሮው እንደማያነሣባት ነገራት። ትጮሃለች ብለን ስንጠብቅ፣ "እሺ" አለች። ፊሊጶስ ያን ዕለት ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አብሯት ምሳ በላ።

እሁድ አዳራሹ ጢም አለ። ከኮዝሞ ሲቲና ከዳቬይተን ሱቃቸውን ዘግተው የመጡ ነበሩ። ድንቅነሽ ነጭ ለብሳ፣ ከዘራዋን ተደግፋ መድረኩ ላይ ወጣች፤ ማይክ ሰጧት።

"ድንቅነሽ ሀቢሶ እባላለሁ። ዘፋኝ ነኝ።"

ፓስተሩ ጠጋ ብሎ፣ "ነበርኩ ይበሉ" አላት።

"ፓስተሩ ዘፈኔን እንድክድ ጠይቀውኛል" ብላ ቀጠለች። "እሺ ያልኩት ልናገር ብዬ ነው። ያንን ድምፅ ያገኘሁት ቸርች ነው። እናቶቻችሁ ልጅ ሲሞትባቸው፣ ዝናብ ሲጠፋባቸው የሚጸልዩበት ድምፅ ነው። እኔ ወስጄ ለሰካራሙም፣ በየመሸታ ቤቱ ለምትውለውም ሴት ዘፈንኩላቸው። ልቅሶ እነሱንም ይነካቸዋል። በእሱ ማንንም አልበደልኩም፤ አልክደውም። የበደልኩት አንድ ሰው አለ። እሱን ይቅርታ የምጠይቀው ቤት ነው፤ በማይክ አይደለም።"

አዳራሹ ታወከ። አንዲት ሴት፣ "በኢየሱስ ስም ያ መንፈስ ይታሰር!" እያለች ተነሣች። ከኋላ "አውርዷት!" የሚል መጣ። ፊሊጶስ ዘሎ ወጥቶ ማይኩን ከእጇ ነጠቃት።

"ቤት ነው ያልሽው?" አለ። አንቺ ሲላት የመጀመሪያ ጊዜው ነው። "አንቺ ቤት የት ታውቂያለሽ? ኩፍኝ ይዞኝ ዓይኔ ተከድኖ፣ አያቴ አዝላኝ ስትዞር የት ነበርሽ? ንገሪያቸው!"

"አዲስ አበባ ነበርኩ።"

"መልእክቱ አልደረሰሽም?"

"ደርሶኛል።"

"ታዲያ ለምን አልመጣሽም?"

ድንቅነሽ ያለ ማይክ፣ ከፊት ላለነው ብቻ በሚሰማ ድምፅ መለሰችለት።

"በማግስቱ ሸክላው ሊቀረጽ ነበር። ብሄድ ቀኑን ለሌላ ይሰጡት ነበር። ይድናል ብዬ ቀረሁ።"

"ብሞትስ?"

ፊሊጶስ ማይኩን መሬት ላይ ጣለው፤ ድምፅ ማጉያው ጮኸ። "ከዛሬ ጀምሮ እኔ ቤት እንዳትገቢ" ብሏት ወጣ።

ሻንጣዋን ያደረስኩላት እኔ ነኝ። እዚያው ሜይፌር፣ ከመስጊዱ ጀርባ ክፍል የምታከራይ ቢልቂስ የምትባል የጅማ ሴት አለች። ወሬው ቀድሞን ደርሶ ነበር። "ከሶላት ሰዓት በስተቀር እንደፈለጉ ይዝፈኑ፤ ፈርኒቸር ግን አይስበሩ" ብላ ቁልፉን ሰጠቻት።

አልጋዋን እያነጠፍኩ፣ "ይህን ሁሉ ወር አንድ ቤት ውስጥ ስትኖሩ ለምን ይቅርታ አልጠየቅሽውም?" አልኳት።

"ኤርፖርት ልለው ነበር። እንደምን ገቡ አለኝ። አንቱ የሚለኝን ሰው ከየት ጀምሬ ይቅር በለኝ እለዋለሁ?"

"ያን ቀን ሄጄ ቢሆን ኖሮ ብለሽ አታውቂም?"

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "ብዬ አውቃለሁ። የሚያስፈራኝ፣ ያ ቀን ቢመለስ እንደገና ሸክላውን እመርጥ ይሆናል። መዝፈንን ከሁሉ አስበልጬ ወደድኩ። ከእሱም አስበልጬ።"

ትራሱን ወርውሬ ወጣሁ። እኔም የልጆች እናት ነኝ። ሆኖም መንገድ ላይ ቆሜ ለዮአዳን ደወልኩ፤ ለምን እንደደወልኩ ዛሬም በቅጡ አላውቀውም።

ዮአዳን አዳራሽ አገኘች። መጠጥ ቤት ውስጥ ይጫወቱ የነበሩትን ልጆችና አንድ ሽማግሌ የሶዌቶ ትራምፔት ነፊ አሰባሰበች። ድንቅነሽና ሽማግሌው ቋንቋ አይግባቡም፤ በልምምድ ጊዜ በእጅ ምልክት ይጣላሉ። እሱ በቋንቋው ጎጎ፣ አያቴ፣ እያለ ያባብላታል፤ እሷ በከዘራዋ ወለሉን እየመታች ምቱን ታሳየዋለች።

የምትዘፍንበት ዕለት ፊሊጶስ፣ "ከሄድሽ አትመለሺ" አለኝ።

"በሩን የምትቆልፍ ከሆነ ለልጆቹ እራት አንተ ትሠራለህ" ብዬው ሄድኩ።

አዳራሹ ግማሽ ያህል ሞልቷል፤ ሱፍ የለበሱ ሐኪሞችና የዩኒቨርሲቲ አስተማሪዎች፣ የከተማው ወጣቶች። የመጀመሪያው ዘፈን ተበላሸ። ትንፋሿ መሃል ላይ አለቀ፤ ድምጿ ተሰነጠቀ። ከኋላዬ አንድ ሰው በአማርኛ፣ "ቤቷ ብትተኛ ይሻላት ነበር" አለ። ድንቅነሽ እጇን አንሥታ ሙዚቃውን አስቆመች። ወደ ቤዝ ጊታር መቺው ዞራ፣ "ምን ያስሮጥሃል? የሚያሳድድህ አለ?" አለችው። ልጁ ቃሉ ባይገባውም ቁጣው ገባው፤ ቀስ አለ።

ወንበር አስመጥታ ተቀመጠችና እንደገና ጀመረች። ሸክላው ላይ ያለው ዘፈን ነበር። ድሮ ድምጿ የሚነሣበት ቦታ ስትደርስ አልነሣላትም። ዝም አለች፤ ሽማግሌው በትራምፔቱ ገባላት። እሷ ቃሉን ዝቅ አድርጋ፣ እንደሚለምን ሰው፣ ከሥሩ ተናገረችው። ቤቷ ትተኛ ያለው ሰውዬ አፍንጫውን ሲጠርግ ሰማሁት። እኔም አለቀስኩ። እያለቀስኩ ግን ዓይኑ የተከደነውን ያንን ሕፃን ከፊቴ ማጥፋት አልቻልኩም፤ ዘፈኑ ባማረ ቁጥር ይብስ ተናደድኩ።

ቤት ስገባ በሩ አልተቆለፈም። ልጆቹ በልተዋል።

"ሰው መጣ?" አለኝ ፊሊጶስ።

"መጣ።"

"ደከመች?"

"መጀመሪያ ላይ።"

መብራቱን አጥፍቶ ወደ መኝታ ገባ።

በሰኔ፣ የጆሃንስበርግ ብርድ ሲበረታ፣ ሳንባዋን አመማት። ዮአዳን ሆስፒታል አስገብታት ደወለችልን። ፊሊጶስ ሱቁን ዘግቶ መጣ፤ ብቻውን ገባ። እኔ ኮሪደር ላይ ቆየሁ። ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል።

"ምን አለችህ?"

"ይቅርታ ጠየቀችኝ።"

"አንተስ?"

"ሰምቻለሁ አልኳት።"

ከዚያ በላይ አልወጣውም። በማግስቱ ጠዋት ዐረፈች።

ፓስተር እንድርያስ ለፊሊጶስ ክብር ሲል ቸርቹ እንዲቀብራት ፈቀደ፤ ሙዚቃ ግን እንዳይኖር አለ። መቃብሩ ቦታ ስንደርስ የባንዱ ልጆችና ሽማግሌው ትራምፔት ነፊ ጥቁር ለብሰው በሩ ላይ ቆመዋል። የቸርቹ ሽማግሌዎች መንገዱን ዘጉባቸው። ግፊያ ተጀመረ፤ ዮአዳን ጮኸች። ከእነሱ አንዱ፣ ዓብዩ የሚባል፣ "ያቺ ሴትዮ በቁሟ ጉባኤውን ያዋረደችው አይበቃም?" አለ።

ፊሊጶስ የሬሳ ሳጥኑን እጀታ ለሌላ ሰው አስያዘና ተመለሰ።

"ማንን ነው ያቺ ሴትዮ የምትለው?"

"አንተው አይደለህ እንዴ በሕዝብ ፊት ያባረርካት?"

"እኔ ነኝ። ጥላ የሄደችው እኔን ነው። በእናቴ ላይ ቂም የመያዝ መብት ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። አንተን ምን አደረገችህ? ተናገር!"

ፊሊጶስ ወደ ሙዚቀኞቹ ዞሮ በእንግሊዝኛ፣ "ግቡ። አንድ ብቻ ተጫወቱና ሂዱ" አላቸው። ንግግሩ የጥል ነበር። ሲጫወቱም ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆመ። ከቸርቹ ሰው ግማሹ አፈር ሳትለብስ ጥሎን ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ከሽማግሌነት አወረዱት፤ ተቃውሞ አላቀረበም።

ከሞቷ በኋላ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ሸክላዋ ውጭ አገር እንደገና ታተመ። የከተማው ልጆች ያንን ዘፈን በየመድረኩ ይዘፍኑታል፤ አንዳንዶቹ ፎቶዋን ካናቴራ ላይ አትመውታል። አንዲት የራዲዮ ጋዜጠኛ ቤታችን መጣች። ፊሊጶስ ያባርራታል ብዬ ስፈራ፣ አስቀምጧት ከሰዓቱን ሙሉ አወራላት፤ ጥላው መሄዷን፣ ኩፍኙን፣ የአያቱን ውርደት፣ የሸክላውን ቀን፣ ያባረራትን ቀን። ምንም አላስቀረም።

ፕሮግራሙ የተላለፈ ቀን ዳቬይተን ሱቁ ውስጥ አብረን ነበርን። ጋዜጠኛዋ በለሆሳስ ሙዚቃ ታጅባ፣ ድንቅነሽ ሀቢሶ አባት የሌለውን አንድ ልጇን ለማሳደግ ስትል የዘፈነች፣ ለልጇ ስትል ሁሉን የሠዋች እናት እንደነበረች ተናገረች። ፊሊጶስ የያዘውን የስኳር ከረጢት አስቀመጠና ደወለላት።

"ይህን ማን ነገረሽ? እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩሽ?"

ሴትዮዋ፣ አድማጭ መልካሙን ነው የሚወደው፣ የእርስዎንም ስም ላለማጉደፍ ብለን ነው ምናምን ስትል ይሰማኛል።

"ጥላኝ ነው የሄደችው!" ብሎ ጮኸ። "ልሞት ስል ጥላኝ ሄዳ ያንን ዘፈን አስቀረጸች! ዘፈኑም ጥሩ ነው፤ አዳምጬዋለሁ፤ ጥሩ ነው! ሁለቱንም ተናገሪ፣ ካልሆነ ስሟን አታንሺ!"

ማዳመጡን አላውቅም ነበር። ስልኩን ዘግቶ ባንኮኒው ላይ ወረወረው። ከብረት ፍርግርጉ ውጪ ዳቦ የምትጠብቅ አንዲት የሰፈሩ ሴት፣ "ማይ ፍሬንድ፣ ማን ነው ያናደደህ?" አለችው።

ዳቦውን በፍርግርጉ አሾልኮ ሰጣት።

"ስለ እናቴ ዋሹ" አላት።